የኅብለ ሰረሰር ደምና የሰቆጣ መንገድ

የሰውን ቁመና ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የጀርባ አጥንት ከውጭ ሲዳሰስ ድፍን ዐምድ ይመስላል። በእርግጥ ግን 33 አጥንቶች ተደራርበው የሠሩት ቦይ ነው። በዚህ ቦይ ውስጥ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ እስከ ወገብ የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ወደ 35 ግራም፣ ውፍረቱም ከትንሿ ጣት የማይበልጥ ነው። እጅ የሚዘረጋው፣ እግር የሚራመደው፣ ሽንት ተቋጥሮ በጊዜው የሚለቀቀው ከዚህ ገመድ በግራና በቀኝ በሚወጡት 31 ጥንድ ነርቮች አማካይነት ነው።

ይህን የመሰለ ለስላሳ ገመድ በአጥንት ታጥሮ መጠበቁ የተፈጥሮ ታላቅ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ ጠባቂው አጥር ራሱ ወጥመድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በአጥንቱና ገመዱን በሸፈነው ጠንካራ ሽፋን መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር የሚለካ ሲሆን፣ በውስጡ ጥቂት ስብና ግድግዳቸው የሳሳ ደም መላሽ ሥሮች ይገኛሉ። ከእነዚህ ሥሮች አንዱ ሲቀደድ የሚፈሰው ደም መውጫ አያገኝም። በእጅ ላይ ቢፈስ በጨርቅ ተጠርጎ የሚረሳ ያህል ደም በዚህ ቦታ ሲጠራቀም ገመዱን ይጫነዋል፤ ገመዱን የሚመግቡትን ቀጫጭን ሥሮች ይዘጋል፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ከዚያ በታች ያለው አካል ይዝላል፣ ይደነዝዛልም።

ነገሩን በምሕንድስና ዐይን ለሚመለከተው ምሳሌው ቅርብ ነው። በዋግ ኽምራ ቆላ ጠርዝ በሚያልፈው በተከዜ ሸለቆ ውስጥ ከፍታው 188 ሜትር የሆነ ግድብ በ2009 ተሠርቶ ተጠናቋል። የዚህን ዓይነት ግድብ የሚነድፍ መሐንዲስ ገና ከመጀመሪያው የሚያስበው ስለሚጠራቀመው ውኃ ብቻ ሳይሆን ስለ ትርፉ ውኃ መውጫም ጭምር ነው፤ ማስተንፈሻ የሌለው ግድብ አደጋ እንደሆነ ያውቃልና። የጀርባ አጥንት ቦይ ግን ማስተንፈሻ የለውም። የቀዶ ሐኪሙ ሥራም በአጭሩ ሲገለጽ፣ ተፈጥሮ ያላበጀችውን ማስተንፈሻ በአጥንቱ ጀርባ በኩል መክፈትና የረጋውን ደም ማውጣት ነው።

የዚህ ሕመም ታሪክ ሁለት ጥያቄዎችን ተከትሎ የሄደ ነው። አንደኛው፣ በአጥንት ውስጥ የተደበቀው ደም የት እንዳለ በምን ይታወቃል? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከታወቀ በኋላ ገመዱ ሳይሞት በምን ይደረስለታል? የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ዓለም በሃያኛው ምእተ ዓመት መልሶታል። ሁለተኛው ግን ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ደጋ ሰው ዛሬም ያልተዘጋ ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ የተጠቀሱት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ተስፋ የተቆረጠበት ሕመም

ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ በግብፅ የተጻፈ አንድ የፓፒረስ ጥቅልል አለ። ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1862 በሉክሶር ገዝቶት ስሙ በእርሱ ይጠራል፤ ጀምስ ብረስተድ የተባለው የታሪክ ሊቅም በ1930 ተርጉሞ አሳትሞታል። በጥቅልሉ ከተዘረዘሩት 48 የጉዳት ዓይነቶች መካከል የአንገቱ አጥንት የተናጋ ሰው ይገኝበታል። ሰውየው እጆቹንና እግሮቹን እንደማያውቃቸው፣ ሽንቱም ሳይሰማው እንደሚንጠባጠብ ጸሐፊው አስተውሎ መዝግቧል። ምልከታው እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ነው፤ ፍርዱ ግን ሕመሙን ሐኪም እጁን ከማያስገባባቸው ጋር የሚመድብ ነበር።

ይህ ፍርድ ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ ጸንቶ ኖሯል። በአውሮፓ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት ድረስ ወገቡን የታመመ ሰው አልቅት ይጣበቅበት ወይም ደሙ በምላጭ ይፈስስ ነበር። በአገራችንም የጀርባ ሕመም ዋገምት መታገሚያ አንዱ ምክንያት ሆኖ ኖሯል። በቀንዱ የሚሳበው ደም የቆዳ ደም ነው፤ በአጥንቱ ውስጥ ከረጋው ጋር አይገናኝም። ያን ጊዜ ግን፣ እዚህም ሆነ እዚያ፣ ውስጡን ያየ አልነበረም።

ስለ ወጌሻ ሲነሣ መጠንቀቅ ይገባል። የተሰበረ ክንድና የወለቀ ትከሻ በእጁ ዳስሶ መልሶ፣ በሽመል አስሮ ያዳነ የወጌሻ ጥበብ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ የአገር ሀብት ነው። ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ሕዝቡን የደገፈው እርሱ ነው። ነገር ግን ለክንድ የሚበጀው እጅ ለጀርባ አይበጅም። የተጎዳን አከርካሪ ማሸት፣ መጎተትና ማጠፍ የሳሳውን ሥር ጨርሶ ይቀድደዋል፤ የተናጋውንም አጥንት ገመዱ ላይ ያስገባዋል። የሁለቱ ልዩነት በወጌሻው ችሎታ ማነስ አይደለም፤ በአጥንቱ ውስጥ ባለው ነገር ነው።

ስሙን ያገኘበት ጊዜ

በ1869 ሮበርት ጃክሰን የተባለ ሐኪም በላንሴት መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ያለ ምንም አደጋ በድንገት በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ስለፈሰሰ ደም ገለጸ። ሕመሙ በዘመናዊ ሕክምና መዝገብ የገባው በዚህ ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለው ደም ለዐይን የሚታየው አስከሬን ሲመረመር ብቻ ስለነበረ፣ ስም ማግኘቱ ለታማሚው ያተረፈለት ነገር አልነበረም።

መንገዱን የከፈተው ሌላ ሥራ ነው። ሰኔ 9 ቀን 1887 በለንደን ቪክቶር ሆርስሊ የተባለው ቀዶ ሐኪም ኅብለ ሰረሰርን ይጫን የነበረ ዕጢ አወጣ። ዕጢው የት እንደሚገኝ አስቀድሞ የተናገረው ዊልያም ጋወርስ የተባለ የነርቭ ሐኪም ሲሆን፣ ምንም ዓይነት ምስል አልነበረውም። የታማሚው ቆዳ ከየት ወዲህ እንደሚሰማው፣ ከየት ወዲያ እንደማይሰማው፣ የትኛው ጡንቻ እንደዛለ መርምሮ ቦታውን በስሌት አገኘው። ሆርስሊ በመጀመሪያ በከፈተው ቦታ ዕጢውን አላገኘውም ነበር፤ አጥንቱን ወደ ላይ ጨምሮ ሲከፍት ግን ተገኘ። ታማሚውም ተነሥቶ ለመሄድ በቃ። በ1897 ደግሞ ቤይን የተባለ ሐኪም በዚያው መንገድ ገብቶ የረጋ ደም ማውጣቱ በሕክምና ጽሑፎች ይጠቀሳል።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሁለት ሥራዎች በጀርመን አገር በኪል ከተማ ተፈጽመዋል። ሐይንሪሽ ክዊንከ በ1891 መርፌን በወገብ አጥንቶች መካከል አሳልፎ በገመዱ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ የመቅዳትን ዘዴ አስተዋወቀ። አውጉስት ቢር ደግሞ በ1898 በዚያው ቦታ ማደንዘዣ በመስጠት ከወገብ በታች ያለ ሕመም ቀዶ ሕክምና ማድረግ እንደሚቻል አሳየ። የክዊንከ መርፌ በሽፋኑ ውስጥ የፈሰሰን ደም ይናገራል፤ ፈሳሹ ቀልቶ ይወጣልና። ከሽፋኑ ውጭ የረጋውን ግን ላያገኘው ይችላል፤ እንዲያውም ገመዱ በተጨነቀበት ሰው ላይ ፈሳሹን መቅዳት ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። ስለዚህ መርፌው እርዳታ ሆነ እንጂ መልስ አልሆነም።

አጥንትን ያሳየ ጨረር

ዊልሄልም ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው ኅዳር 8 ቀን 1895 ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ የተፈጸመው ነገር ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው። በግንቦት 1896 ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣልያን ጦር ሐኪም በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረውን ጥይት በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በዚህ ጨረር ፈልጎ አገኘ። ራጅ በጦርነት ለቆሰለ ሰው ያገለገለው በዚያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ይኸውም ማለት፣ ከዚህ ታላቅ ፈጠራ አስቀድመው ከተጠቀሙት መካከል በኢትዮጵያ ምድር የቆሰሉ ሰዎች ይገኙባቸዋል፤ ነገር ግን ወራሪዎቹ እንጂ ባለአገሮቹ አልነበሩም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተሰለፉት መካከል የዋግ ሹም ጓንጉል ሠራዊት አንዱ ነበር። የሩስያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አክሟል፤ ሥራውም የምኒልክ ሆስፒታል መነሻ ሆኗል። ይሁን እንጂ ከዐድዋ በቀጥታ ወደ ሰቆጣ ለተመለሰ ቁስለኛ አዲስ አበባ ከጦር ሜዳው የበለጠ ሩቅ ነበረች። የመንገድ ጥያቄ ገና በዚያን ጊዜ ተነሥቷል ማለት ይቻላል።

ለነገሩ ራጅ ለኅብለ ሰረሰር ደም ያለው ጥቅም ውሱን ነው። ጨረሩ አጥንትንና ብረትን ያሳያል፤ ደምና ኅብለ ሰረሰር ግን ለእርሱ አንድ ዓይነት ጥላ ናቸው። አጥንቱ ሳይሰበር ደም ሊፈስ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ፊልሙ ጤነኛ መስሎ ይወጣል፤ ታማሚው ግን ሽባ እየሆነ ነው።

ደምን ያሳየ ስሌት

ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዙ ተደክሟል። ዎልተር ዳንዲ በ1919 በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ አየር ማስገባትን ሐሳብ አቀረበ። ፈረንሳውያኑ ሲካርና ፎረስትየ ከ1921 ጀምሮ አዮዲን የተቀላቀለበት ዘይት በቦዩ ውስጥ አስገብተው በራጅ ተከታተሉት። ዘይቱ ወርዶ በቆመበት ቦታ ላይ መተላለፊያው እንደተዘጋ ይታወቃል። ዘጊው ምን እንደሆነ ግን፣ ደም ይሁን ዕጢ ወይም መግል፣ ዘይቱ አይናገርም። ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ሐኪሞች የሠሩት በዚህ ግማሽ እውቀት ነው።

ሙሉውን መልስ ያመጣው ሐኪም አልነበረም። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል ውስጥ በራዳር ሥራ ያገለገለና በኋላ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ያጠና ሰው ሲሆን፣ የሙዚቃ ሸክላ በማሳተም በታወቀው በኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አንድን አካል ከብዙ አቅጣጫ በጨረር ለክቶ፣ ልኬቶቹን በኮምፒዩተር አደራጅቶ፣ የውስጡን ቁራጭ ምስል ማውጣት እንደሚቻል አሰበ፤ ሠርቶም አሳየ። የመጀመሪያው ታማሚ በለንደን በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የታየው ጥቅምት 1 ቀን 1971 ነበር። ሃውንስፊልድ በ1979 የኖቤልን ሽልማት ያገኘው ሂሳቡን ቀደም ብሎ ከሠራው ከፊዚክስ ሊቁ ከአለን ኮርማክ ጋር ነው።

በስሙ የሚጠራው መለኪያ ለውኃ ዜሮ፣ ለአየር ከዜሮ በታች 1000 ይሰጣል። በዚህ ልኬት አዲስ የረጋ ደም ከ60 እስከ 80 ያህል ሲያነብ፣ በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ለዜሮ ይቀርባል፤ ጽኑ አጥንት ደግሞ እስከ 1000 ይደርሳል። ለራጅ አንድ ጥላ የነበሩት ነገሮች በቁጥር ተለዩ። ደሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በሕይወት ሳለ ታየ።

ከዚያም ፖል ላውተርበር በ1973 ባወጣው ጽሑፍ የተጀመረው፣ ፒተር ማንስፊልድም ያዳበረው የመግነጢስ ምስል ተከተለ፤ ሁለቱም በ2003 የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። ኤም አር አይ የሚባለው ይህ መሣሪያ ኅብለ ሰረሰርን ራሱን፣ የተጫነውን ደም፣ ደሙም ከስንት አጥንት እስከ ስንት አጥንት እንደሚደርስ አጉልቶ ስለሚያሳይ ዛሬ ለዚህ ሕመም ዋነኛ መመርመሪያ ነው። እንግዲህ ከግብፁ ጥቅልል የጀመረው የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ ተዘጋ።

የሰዓቱ ጉዳይ

ደሙ መታየት ሲጀምር የሰዓቱ ጉዳይ ገሃድ ወጣ። በ1995 ሎተንና ባልደረቦቹ የ30 ታማሚዎችን ውጤት መርምረው ሲያቀርቡ፣ ሕመሙ በጀመረ በ12 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያገኙት ከዘገዩት በተሻለ ሁኔታ እንደዳኑ አሳዩ። በሚቀጥለው ዓመት ግሩንና ቫን አልፌን የተባሉ የኔዘርላንድ ሐኪሞች ደም በራሱ ጊዜ የፈሰሰባቸውን ከ300 በላይ ታማሚዎች ታሪክ ከዓለም ጽሑፎች ሰብስበው አጠኑ። ድምዳሜያቸውም፣ መንቀሳቀስም ሆነ መሰማት ጨርሶ ለጠፋበት ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ፣ በከፊል ለቀረለት ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ መድረስ ለመዳን ተስፋ ይሰጣል የሚል ነበር። ሁሉም ታማሚ ቢላዋ አያስፈልገውም፤ ምልክቱ ቀላል የሆነና በሰዓታት ውስጥ መሻሻል የጀመረ ሰው ከቀዶ ሐኪም ሳይርቅ በጥብቅ እየታየ ሊድን ይችላል። ለቀረው ግን ሰዓቱ ራሱ መድኃኒት ነው።

ሰዓቱ ያለፈበትስ? በዚህም ረገድ ታሪክ የሚናገረው አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኅብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ወታደሮች አብዛኞቹ የሞቱት ከጉዳቱ ሳይሆን ከመኝታ ቁስልና ከሽንት መሥመር መመረዝ ነበር። በየካቲት 1944 ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ልዩ ክፍል ከፍቶ፣ ታማሚን በየሁለት ሰዓቱ በማገላበጥ፣ ሽንቱን በንጽሕና በመቆጣጠርና ወደ ሥራ በመመለስ ይህን ሞት መግታት እንደሚቻል አስመሰከረ። ይህ ሕክምና ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትጉህ እጅ እንጂ።

በኢትዮጵያ

የዘመናዊ ሕክምና እጅ ወደ ዋግ አካባቢ የተጠጋበት አንዱ ጊዜ የጦርነት ጊዜ ነበር። በ1936 በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድን ከሰቆጣ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በኮረም አካባቢ ድንኳኑን ተክሎ የኢትዮጵያን ቁስለኞች ሲያክም፣ በመጋቢት ወር መጀመሪያ የጣልያን አውሮፕላኖች ደበደቡት። የቀይ መስቀል ምልክት አላዳነውም። ሜሊም በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ።

ከነፃነት በኋላ የአገሪቱ ሕክምና የተሠራው በሁለት መሥመር ነው። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለገጠሩ የሚሆኑ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተቋቁሞ ሐኪሞችን፣ ቆይቶም ስፔሻሊስቶችን አወጣ። የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ግን ለረዥም ጊዜ በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች እጅ ቆየ። የአገር ውስጥ ሥልጠናው የተጀመረው በ2006 ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል ከሚባለው የምዩንግሰንግ ክርስቲያን ሕክምና ማእከል ጋር በመተባበር ነበር። ከዚያ የወጡት ሐኪሞች ከአዲስ አበባ አልፈው የክልል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችን ደርሰዋል። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ለወረዳ ሆስፒታሎች የሚሆኑ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሥልጠና ተጀምሯል። እነዚህ ባለሙያዎች የጀርባ አጥንት አይከፍቱም፤ ቀዶ ሕክምና ግን በእነርሱ አማካይነት ወደ ገጠሩ ቀርቧል።

የዋግ ሒሳብ

ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረች፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የዋግ ኽምራ ሕዝብ ከ400,000 በላይ ነበር። በራሱ ጊዜ የሚፈስ የኅብለ ሰረሰር ደም በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንዱን ያህል የሚይዝ ሕመም በመሆኑ፣ በዚህ ስሌት በዋግ በሁለት ዓመት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ቢታይ ነው። እንግዲያስ ስለዚህ ብርቅ ሕመም ይህን ያህል መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል?

መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ደሙ ብቻውን አይመጣም። ከገደል የወደቀ እረኛ፣ ማር ሊቆርጥ ከወጣበት ዛፍ የወደቀ ገበሬ፣ የተገለበጠ መኪና ተሳፋሪ ተመሳሳይ ጉዳት ይደርስባቸዋል። በልጅነት የቁርጥማት ትኩሳት ሳቢያ የልብ በር ተበላሽቶበት ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ወጣት ለዚህ የተጋለጠ ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየው የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳም ኅብለ ሰረሰርን የሚጫነው በዚያው ቦይ ውስጥ ነው። ለአንዱ የተዘጋጀ እጅ ለሁሉም ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ይህ ሕመም የጤና አገልግሎትን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚፈትን ነው። ሌላው በሽታ የሚታገሠውን መዘግየት ይህ አይታገሥም።

ሰንሰለቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ ቆላ አንድ ሰው በቃሬዛ 12 ኪሎ ሜትር ተሸክመውት ቢወጡና ሸካሚዎቹ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ፣ መኪና መንገድ ለመድረስ ብቻ 4 ሰዓት ይሄዳል። ከሰቆጣ እስከ አዲስ አበባ ያለው 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አምቡላንሱ ያለ ዕረፍት በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 14 ሰዓት ይፈጃል። ሁለቱ ተደምረው 18 ሰዓት ናቸው። እነሎተን ያስቀመጡት 12 ሰዓት መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። የነርቭ ቀዶ ሕክምና ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር መዝለቁ ይህን ሒሳብ አሳጥሮታል። በ2008 ሥራ የጀመረው የመቀሌው ዐይደር ሆስፒታልም የሰሜን ምሥራቅ አማራን ሕዝብ ጭምር እንዲያገለግል የታሰበ ነበር፤ ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 የተካሄደው ጦርነት ግን ያን በር ዘጋው። መንገድ በድንጋይና በአስፋልት ብቻ ሳይሆን በሰላምም እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

መሣሪያውን ወደ ሰቆጣ ማምጣትስ? ኤም አር አይ የሚሠራው መግነጢስ ብዙ ጊዜ 1.5 ቴስላ ሲሆን፣ ይህም ከምድር መግነጢስ 30,000 እጥፍ ያህል ነው። ጥቅልል ሽቦው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ሂሊየም ይቀዘቅዛል። የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ፣ የሠለጠነ የጥገና ባለሙያና መለዋወጫ ይፈልጋል። እነዚህ ሳይሟሉ የሚገዛ መሣሪያ ሳጥኑ ሳይከፈት ያረጃል። የሃውንስፊልድ መሣሪያ ከዚህ ይልቅ ቻይ ስለሆነ፣ ለአጠቃላይ ሆስፒታል የሚቀርበው እርሱ ነው፤ ኅብለ ሰረሰርን እንደ ኤም አር አይ አያጥራም እንጂ የተሰበረውን አጥንት፣ ብዙ ጊዜም አዲሱን ደም ያሳያል።

ከሒሳቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም ጎማው ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚጠፋው ጊዜ ነው። ሌሊቱ እስኪነጋ በቤት የሚታደርበት፣ ወጌሻ እስኪመጣ የሚጠበቅበት፣ በጤና ጣቢያ ወረፋ የሚያዝበት፣ «የወገብ ሕመም ነው» ተብሎ ማስታገሻ ተሰጥቶ ወደ ቤት የሚመለሱበት ጊዜ ነው። መንገዱ የሚበላው 18 ሰዓት በአንድ ጀንበር አይቀነስም። ይህኛው ግን ይቀነሳል። 18 ሰዓት ከ12 ይበልጣል፤ ከ36ና ከ48 ግን ያንሳል። የሚተርፈው ሰውና የማይተርፈው ሰው የሚለዩት በዚህ መካከል ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው እውቀት የጋወርስ እውቀት ነው። በድንገት የጀመረ ከባድ የጀርባ ወይም የአንገት ሕመም፣ እርሱን ተከትሎ የእግር መዛል፣ የቆዳ መደንዘዝና የሽንት መያዝ ሲታዩ የተለመደ የወገብ ሕመም አለመሆኑ ይታወቃል። በመርፌ ጫፍ ቆዳውን ከእግር ወደ ላይ እየነኩ፣ መሰማት የሚጀምርበትን ቦታ ማግኘት ይቻላል። እምብርት የአሥረኛው፣ የጡት ጫፍ የአራተኛው የደረት ነርቭ ምልክት ነው። በሰቆጣ የሚገኘው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪምም ሆነ በገጠር ጤና ጣቢያ ያለ ጤና መኮንን ይህን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊያደርገው ይችላል። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ጽፎ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስደውን አስቁሞና የቫይታሚን ኬ መርፌ ሰጥቶ፣ በወደቀው ሰው ላይ አንገቱንና ጀርባውን በጣውላ አስተካክሎ፣ ተቀባዩን ሆስፒታል በስልክ አስጠንቅቆ የሚልክ ባለሙያ ከቀዶ ሕክምናው ግማሹን ሠርቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለእናቶች ቀዶ ሕክምና በየወረዳው የሚሰጠው የወገብ ማደንዘዣም የቢር ውርስ ነውና ከዚህ አይለይም። ከእርሱ በኋላ ደም የሚፈስሰው ከ200,000 አንድ ጊዜ ያህል እንደሆነ ይገመታል። ቢሆንም መርፌው ከመግባቱ በፊት ስለ ደም መፍሰስና ስለ መድኃኒት መጠየቅ፣ ከገባም በኋላ እግር በጊዜው መንቀሳቀስ መጀመሩን መከታተል ምንም ወጪ የለውም። መንቀሳቀስ በሚገባው ሰዓት ያልተንቀሳቀሰ እግር «ማደንዘዣው ገና አልለቀቀም» ተብሎ እስኪነጋ አይጠበቅም።

የሰቆጣ ስም በጤና መዝገብ ውስጥ ለሌላ ጉዳይ ገብቷል። በሐምሌ 2015 የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2030 ለማጥፋት አገር የገባው ቃል ነው። ያ ቃል የተለካው በዓመት ነበር፤ የኅብለ ሰረሰር ጉዳይ ግን የሚለካው በሰዓት ነው። ሰዓቱም በአንድ ሙያ እጅ አይደለም። ሐኪሙ ቦዩን ይከፍታል፤ ወደ ቦዩ የሚያደርሰውን መንገድ የሚቀይሰው፣ ድልድዩን የሚዘረጋው፣ የስልኩን ምሰሶ የሚተክለው፣ የመብራቱን መሥመር የሚስበው፣ የተበላሸውንም መሣሪያ የሚጠግነው መሐንዲስ ነው። ሃውንስፊልድ ደምን ለዐይን ያሳየው ከሆስፒታል ውጭ ቁጭ ብሎ ነበር። ከዝቋላ ቆላ ወደ ሰቆጣ የሚወጣውን አንድ ዳገት በሁለት ሰዓት የሚያሳጥር መሐንዲስም፣ ስሙ በየትኛውም የሕክምና መጽሔት ባይጻፍ፣ ለአንድ ሰው ሁለት እግሮቹን መልሶለታል።